ከማዳመጥ ወደ መቁጠር፦ የሙዚቃ ማዳመጥ መዝገብ ወደ አባዜ የሚለወጥበት መንገድ

መግቢያ

ሙዚቃ ማዳመጥ ለረጅም ዘመን ዱካ የማይተው ድርጊት ነበር። የሸክላ ወይም የካሴት ባለቤት የትኛውን ዘፈን አብዝቶ እንደሚያጫውት የሚያውቀው በትውስታው፣ ቢበዛም ከመደጋገም ብዛት በሳሳው የካሴት ክር ነበር። ዛሬ ግን በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚደመጥ እያንዳንዱ ዘፈን ቀኑ፣ ሰዓቱና የድምፃዊው ስም ተጽፎለት በመዝገብ ሊቀመጥ ይችላል። አድማጩም መዝገቡን በፈለገው ጊዜ ከፍቶ በሳምንት ስንት ዘፈን እንደሰማ፣ የትኛው ድምፃዊ በአንደኛነት እንደተቀመጠ፣ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ምን እንደተለወጠ ያያል።

ይህ መዝገብ ለብዙዎች ቀላል መዝናኛ ነው። ለአንዳንዶች ግን ከማዳመጡ የሚበልጥ ጉዳይ ይሆናል፤ ቁጥሩን በቀን ብዙ ጊዜ መመልከት፣ ያልተመዘገበን ዘፈን እንደ ጠፋ ገንዘብ ማየት፣ ደረጃ ለማስተካከል ሲባል ብቻ ማዳመጥ ይከተላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለውጥ እንዴት እንደሚከሰት ማብራራት ነው። መከራከሪያውም የሚከተለው ነው፦ አባዜው በዋናነት የሚመነጨው ከአድማጩ የባሕርይ ድክመት ሳይሆን፣ ለአድማጩ የሚታይ ቆጣሪ የሚቆጥረውን ድርጊት ራሱን ስለሚለውጥ ነው። ይህ እውነት ከሆነ ጉዳዩ የአድማጩን ደስታ ብቻ ሳይሆን፣ በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ስለ ሰዎች የሙዚቃ ምርጫ የሚደረገውን ምርምር ተአማኒነትም ይነካል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቆጣሪው ምን ይቆጥራል?

የግል የማዳመጥ መዝገብ ታሪክ በአብዛኛው ከኦዲዮስክሮብለር ይጀምራል። ይህ ፕሮግራም በ2002 በእንግሊዝ አገር፣ በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ በነበረው በሪቻርድ ጆንስ እንደ ትምህርት ፕሮጀክት የተሠራ ሲሆን፣ በኮምፒዩተር ላይ የሚጫወቱ ዘፈኖችን እየመዘገበ የአንዱን አድማጭ ምርጫ ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ያገለግል ነበር። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ላስት ኤፍ ኤም የተባለው የኢንተርኔት ሬዲዮ ተመሠረተ። ሁለቱ በ2005 ተዋሐዱ፤ በ2007 ደግሞ ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላስት ኤፍ ኤምን በ280 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ዘፈንን በራስ ሰር የመመዝገቡ ተግባር «ስክሮብሊንግ» ተብሎ የሚጠራው ከመጀመሪያው ፕሮግራም ስም ተወስዶ ነው።

ቁጥሩ ገለልተኛ የእውነታ ነጸብራቅ መስሎ ቢታይም ከጀርባው በሰው የተወሰነ ደንብ አለ። በላስት ኤፍ ኤም ደንብ መሠረት አንድ ዘፈን ለመመዝገብ ርዝመቱ ከ30 ሰከንድ መብለጥ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሹ ወይም 4 ደቂቃው መደመጥ አለበት፤ ከሁለቱ ቀድሞ የተሟላው ይበቃል። በስፖቲፋይ ደግሞ አንድ ዘፈን እንደተደመጠ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። ሁለቱም ደንቦች አንድን ዘፈን ርዝመቱ ምንም ይሁን ምን «አንድ» ብለው ይቆጥራሉ።

የዚህ ውጤት በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ አድማጭ ለአንድ ሰዓት የ3 ደቂቃ ዘፈኖችን ሙሉ በሙሉ ቢሰማ በመዝገቡ 20 ይጻፍለታል። ሌላው ያንኑ አንድ ሰዓት 12 ደቂቃ የሚረዝም ትዝታ ወይም የበገና መዝሙር እየሰማ ቢያሳልፍ የሚጻፍለት 5 ብቻ ነው። ጊዜያቸው እኩል ሆኖ ሳለ በመዝገቡ አንዱ የሌላውን አራት እጥፍ አዳማጭ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ረዘም ያሉ ሥራዎችን የሚወድ ሰው «የምወደው ድምፃዊ ለምን ወደ ላይ አይወጣም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ያለው በፍቅሩ መጠን ሳይሆን በቆጣሪው ደንብ ውስጥ ነው።

ቁጥሩን ከጥቂት ወዳጆቹ አውጥቶ የብዙኃን ልማድ ያደረገው ግን ዓመታዊው ማጠቃለያ ነው። ስፖቲፋይ በ2015 «የዓመቱ ሙዚቃ» በሚል መጠሪያ ለተጠቃሚዎቹ የየግላቸውን ማጠቃለያ ያቀረበ ሲሆን፣ ከ2016 ጀምሮ ይኸው «ራፕድ» ተባለ። አፕል ሙዚክም በ2019 ተመሳሳይ አገልግሎት ጀመረ። ማጠቃለያው ለማኅበራዊ ሚዲያ በሚመች ምስል ተዘጋጅቶ ስለሚቀርብ፣ የግል የነበረው መዝገብ ለሰው የሚታይ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ለኩባንያውም ያለ ክፍያ የሚሠራ ማስታወቂያ ነው። ራፕድ ዘወትር የሚወጣው የአውሮፓውያኑ ዓመት ከማለቁ በፊት፣ በኅዳር አካባቢ በመሆኑ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት በቆጠራው አይካተቱም። «የዓመቱ ሰው ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ እንኳ የሚመለሰው ኩባንያው በመረጠው የጊዜ ወሰን ነው።

አራት የለውጥ ምልክቶች

መዝገቡ ከማስታወሻነት ወደ አባዜ ሲሸጋገር አራት ምልክቶች ይታያሉ። ምልክቶቹ ተለይተው ቢቀርቡም በአንድ አድማጭ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የምልዓት ጭንቀት ነው። ግንኙነት ተቋርጦ ያልተመዘገበ አልበም፣ በታክሲ ውስጥ የተሰማ ዘፈን፣ በጓደኛ ስልክ የተከፈተ ሙዚቃ «እንዳልተደመጠ» ይቆጠራል። ከሸክላ የተሰማን አልበም በእጅ ለማስመዝገብ የሚያስችሉ መሣሪያዎች መኖራቸው ይህ ፍላጎት ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ያሳያል። የምልዓት ጭንቀት ያደረበት አድማጭ መዝገቡ እስኪከፈት ድረስ ዘፈኑን ሊያቆየው ይችላል፤ ያ ማለት መዝገብ የሌለበት ማዳመጥ ዋጋ አጥቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው የእርማት ጭንቀት ነው። ኮምፒዩተር ስምን የሚለየው በፊደላት ቅደም ተከተል በመሆኑ በተለያየ አጻጻፍ የቀረበ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ አድማጮች ይህን ችግር በተለየ መልኩ ያውቁታል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ በኩል ያወጣው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ እትም፣ የድምፃውያንን ስም የሚጽፍበት የላቲን አጻጻፍ ከሌሎች አሳታሚዎች ይለያል። የሙላቱ አስታጥቄን ስም ሲጽፍ «ቄ»ን አንዱ በአንድ የላቲን ፊደል፣ ሌላው በሌላ ይወክላታል፤ የጥላሁን ገሠሠ ስምም እንዲሁ ከአንድ በላይ አጻጻፍ አለው። በግእዝ ፊደል የተጻፈው ሲጨመር ደግሞ አንዱ ድምፃዊ በሦስትና በአራት ረድፍ ተከፋፍሎ ይገኛል። ይህን ማስተካከል ለመዝገብ ጥራት ተገቢ ሥራ ነው። ሆኖም አንድ አልበም ከመደመጡ በፊት ስሙ በትክክል መጻፉን ማጣራት ግዴታ ሲሆን፣ አድማጩ ወደ መዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተለውጧል።

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። ብዙ መዝገቦች ለሌሎች ክፍት በመሆናቸው አድማጩ «ምን ይሉኛል?» እያለ መምረጥ ይጀምራል። የሚያፍርበትን ዘፈን በድብቅ ይሰማል፤ ወይም ከሰማ በኋላ ከመዝገቡ ይሰርዘዋል። ላስት ኤፍ ኤም እያንዳንዱን ምዝገባ ለይቶ የመሰረዝ፣ ስፖቲፋይ ደግሞ «የግል ክፍለ ጊዜ» የመክፈት አማራጭ ማቅረባቸው ይህን ፍላጎት በግልጽ ያስተናግዳል። በተቃራኒው ክብር ያስገኛል ተብሎ የሚታሰበው ሙዚቃ ልብ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ድምፅ እየተጫወተ ይመዘገባል።

አራተኛው የመጠን ግብ ነው። አንድ አድማጭ 100,000 ምዝገባ ላይ ለመድረስ አሰበ እንበል። በቀን 30 ዘፈን ቢሰማ በዓመት የሚያገኘው 10,950 በመሆኑ ግቡ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ እያንዳንዱ ዘፈን በአማካይ 3 ደቂቃ ተኩል ቢሆን ደግሞ ድምሩ ያለ ማቋረጥ 243 ቀን ያህል ማዳመጥ ነው። ግቡ እንዲህ ሩቅ ሲሆን አቋራጭ መፈለግ ይመጣል። ድምፁን ዘግቶ ሌሊቱን ሙሉ ማጫወት አንዱ ነው፤ በስምንት ሰዓት እንቅልፍ የ3 ደቂቃ ዘፈኖች 160 ጊዜ ይመዘገባሉ። ማንም ያልሰማቸው 160 ዘፈኖች በመዝገቡ ውስጥ በፍቅር ከተደመጡት ጋር እኩል ይቆማሉ።

ቁጥር ለምን ይይዛል?

እነዚህን ምልክቶች ለማብራራት የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ቢያንስ ሦስት ምክንያቶችን ያቀርባል።

አንደኛው ልኬት ደስታን ወደ ሥራ መለወጡ ነው። ጆርዳን ኤትኪን በ2016 በጆርናል ኦፍ ኮንሲውመር ሪሰርች ባሳተመችው ጥናት ቀለም መቀባትን፣ የእግር ጉዞንና ንባብን የመሳሰሉ ተግባራት ሲለኩ ምን እንደሚሆን በተከታታይ ሙከራዎች መርምራለች። ልኬቱ ሰዎች ተግባሩን አብዝተው እንዲያከናውኑ ቢያደርግም ከተግባሩ የሚያገኙትን ደስታ ቀንሶታል፤ ልኬቱ ሲቀርም ለመቀጠል የነበራቸው ፍላጎት ዝቅ ብሏል። ምክንያቱ ልኬት ትኩረትን ከድርጊቱ ወደ ውጤቱ ስለሚያዞር ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት በመዋዕለ ሕፃናት ያደረጉት ሙከራ ተመሳሳይ አቅጣጫ አሳይቶ ነበር። ሥዕል መሳል የሚወዱ ሕፃናት «ከሳላችሁ ሽልማት ታገኛላችሁ» ተብለው ከሸለሟቸው በኋላ፣ ሽልማት በሌለበት ጊዜ ሥዕልን የሚመርጡበት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ሕፃናት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ጥናቶች በቀጥታ ስለ ሙዚቃ መዝገብ የተደረጉ አይደሉም። ነገር ግን ለራሱ ሲባል የሚደረግ ተግባር ውጫዊ ምክንያት ሲጨመርበት ውስጣዊው እንደሚዳከም ማሳየታቸው፣ ዘፈን የሚሰማው «ለመዝገቡ» ሲሆን ለምን ጣዕሙን እንደሚያጣ ለመረዳት ይጠቅማል።

ሁለተኛው ምክንያት መለኪያው ግብ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድኸርት በ1975 ስለ አገሩ የገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ፣ ለቁጥጥር መሣሪያነት የዋለ ስታቲስቲካዊ ዝምድና እንደሚፈርስ አመለከተ። አንትሮፖሎጂስቷ ማሪሊን ስትራተርን በ1997 ስለ እንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ምዘና ስትጽፍ ሐሳቡን አስፍታ፣ መለኪያ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያነቱ እንደሚያበቃ ገለጸች። በኅትመት ብዛት የሚመዘን ተመራማሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የማዳመጥ መዝገብ ልዩነቱ ለካዩም ተለኪውም አንድ ሰው መሆኑ ላይ ነው። ማንም ሳያስገድደው አድማጩ ራሱን ይመዝናል፤ ምዘናውን ለማሳመር ራሱን ይለውጣል፤ ከዚያም የተለወጠውን ቁጥር «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ ማስረጃ አድርጎ ይቀበለዋል።

ሦስተኛው ያለፈ ድካም የሚያሳድረው ጫና ነው። አርክስና ብሉመር በ1985 እንዳሳዩት ሰዎች ገንዘብ፣ ጊዜ ወይም ጥረት ያፈሰሱበትን ነገር፣ መቀጠሉ ባይጠቅማቸው እንኳ ለማቋረጥ ይቸገራሉ። አሥር ዓመት የተጠበቀ መዝገብ ባለቤቱን ያስገድዳል። አንድ ሳምንት ሳይመዘገብ ቢያልፍ የሚሰማው ቅር መሰኘት ለዚያ ሳምንት ሙዚቃ ሳይሆን ለአሥር ዓመቱ ድካም ነው። መዝገቡ ረዘም ባለ ቁጥር ለማቆም የሚጠይቀው ዋጋም ይጨምራል።

ልማድና አባዜ የሚለዩበት ነጥብ

ከላይ የተነገረው ሁሉ መዝገብ መያዝ በራሱ ሕመም ነው ወደሚል ድምዳሜ አያደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት በዐሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ የጨዋታ ሱስን ያካተተ ቢሆንም የሙዚቃ መዝገብ መከታተልን የሚመለከት የሕክምና ምደባ የለም። በዚህ ጽሑፍ «አባዜ» የሚለው ቃል የተሠራበትም በዕለታዊ ትርጉሙ እንጂ እንደ ሕክምና ስያሜ አይደለም።

መዝገቡ ግልጽ ጥቅሞችም አሉት። የተረሳ ዘፈን ይገኝበታል፤ በአንድ የሕይወት ምዕራፍ የተደመጠው ሙዚቃ ያን ጊዜ መልሶ ያስታውሳል፤ አዳዲስ ድምፃውያንን ለማግኘት መነሻ ይሆናል። በመሆኑም መለያው የመዝገቡ መኖር ወይም የቁጥሩ ትልቅነት ሊሆን አይችልም። ለዚህ ሮበርት ቫለራንድና ባልደረቦቹ በ2003 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ የተሻለ መለያ ይሰጣል። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ሰው ለሚወደው ተግባር ያለው ጽኑ ዝንባሌ ሁለት ዓይነት ነው። የተጣጣመው ዝንባሌ ከቀሪው የሕይወት ክፍል ጋር ተስማምቶ የሚኖር ሲሆን ባለቤቱ ሲፈልግ ይተወዋል። አስገዳጁ ዝንባሌ ግን ባለቤቱን ይገዛዋል፤ ለራስ ከሚሰጥ ዋጋ ወይም ከሌሎች ተቀባይነት ጋር ስለሚተሳሰር ማቆም እንደ ሽንፈት ይቆጠራል።

ይህ መለያ በመዝገቡ ላይ ሲተገበር ጥያቄው «በቀን ስንት ዘፈን ትሰማለህ?» መሆኑ ይቀራል። የሚጠየቀው መዝገቡ ቢዘጋ የሚደመጠው ነገር ይለወጥ እንደሆነ ነው። በዓመት 3,000 ዘፈን ብቻ የሚሰማ፣ ነገር ግን ስለ ዝርዝሩ ገጽታ የሚጨነቅ ሰው በአባዜ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ሺህ የሚሰማና መዝገቡን በዓመት አንዴ ፈገግ ብሎ አይቶ የሚዘጋው ሰው ላይሆን ይችላል።

ለምርምር ያለው እንድምታ

የማዳመጥ መዝገብ ዛሬ የምርምር ጥሬ ዕቃ ነው። በማርኩስ ሼድል በ2016 የቀረበው ኤልኤፍኤም-1ቢ የተባለው የመረጃ ስብስብ ከላስት ኤፍ ኤም የተወሰዱ፣ ከ120,000 በላይ ተጠቃሚዎች የፈጸሟቸው ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ የማዳመጥ ድርጊቶችን ይዟል። እንዲህ ያሉ ስብስቦች የሙዚቃ ምክረ ሐሳብ የሚሰጡ ሥርዓቶችን ለመሥራትና ለመገምገም ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ መዝገቡ ለባለቤቱ የሚታይ ከሆነ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

በመጀመሪያ፣ መዝገቡ የምርጫ ብቻ ሳይሆን የገጽታ ግንባታም ውጤት መሆኑ መታወቅ አለበት። በይሉኝታ የተሰረዘው ዘፈን በስብስቡ ውስጥ አይገኝም፤ ሌሊት ድምፁ ተዘግቶ የተጫወተው ግን ይገኛል። ለረጅም ሰዓታት ያለ ዕረፍት የቀጠለ ምዝገባን መለየት ለሁለተኛው መፍትሔ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ግን ከመዝገቡ ውጭ ያለ ምንጭ ማለትም ቃለ መጠይቅ ወይም የማስታወሻ ደብተር ያስፈልጋል።

ቀጥሎም፣ የማይመዘገበው ማዳመጥ ከኅብረተሰብ ኅብረተሰብ ይለያያል። በኢትዮጵያ ብዙ ሙዚቃ የሚሰማው በሚኒባስ ታክሲ፣ በሠርግ ቤት፣ በሬዲዮና በጋራ መሣሪያ ነው። በዐቢይ ጾም ወቅት በርካታ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘፈንን ትተው መዝሙር ይሰማሉ፤ ከዚህም ውስጥ በቤተ ክርስቲያን የሚሰማው በየትኛውም ቆጣሪ አይገባም። መዝገቡን ብቻ የተመለከተ ተመራማሪ የምርጫ መቀዛቀዝ ያየ ሊመስለው ይችላል፤ እውነታው ግን ማዳመጡ መዝገብ ወደሌለበት ቦታ መሸጋገሩ ነው።

በመጨረሻም፣ ተሳታፊዎች የራሳቸውን ቁጥር ማየት አለማየታቸው እንደ አንድ ተለዋዋጭ መያዝ ይኖርበታል። የአንድ ጥናት ተሳታፊዎች ቁጥሩ የሚታያቸውና የማይታያቸው ተብለው በዕጣ ቢከፈሉ፣ የቆጣሪው ተጽዕኖ ከምርጫው ለይቶ ለመመርመር ይቻላል። የሚለካውም የዘፈን ብዛት ብቻ ሳይሆን የዝርዝሩ ስፋት፣ ድግግሞሹና አድማጩ ያገኘው ደስታ ቢሆን ከላይ የቀረቡት ማብራሪያዎች በሙዚቃ ላይ ምን ያህል እንደሚሠሩ ይፈተናል።

ማጠቃለያ

የማዳመጥ መዝገብ ወደ አባዜ የሚለወጠው ገላጭ የነበረው ቁጥር መመሪያ ሲሆን ነው። የቆጠራው ደንብ፣ ለሌሎች መታየቱና ዓመታዊው ማጠቃለያ ለዚህ ለውጥ መንገድ ይጠርጋሉ፤ ልኬት በደስታ ላይ የሚያሳድረው ጫናና ያለፈ ድካም ክብደት ደግሞ ያጸኑታል። በመሆኑም መፍትሔውን ከአድማጩ ጽናት ብቻ መጠበቅ አይገባም። መድረኮች መዝገቡን እያስቀመጡ ቁጥሩንና ደረጃውን የመደበቅ አማራጭ ቢሰጡ ማስታወሻው ሳይጠፋ ጫናው ሊቀል ይችላል። ለአድማጩም የሚቀርበው ፈተና ቀላል ነው፦ መዝገቡን ለአንድ ወር መዝጋት። በወሩ ውስጥ የሚደመጠው ሙዚቃ ያው ከሆነ መዝገቡ አገልጋይ ነበር። ዘፈኖቹ ከተለወጡ ግን ቀድሞ ይመርጥ የነበረው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ተገኝቷል።